የፓሪስ ኮንሰርቫቷር በር

የመግቢያ ፈተና አልፈን ዩኒቨርሲቲ የገባን ሁሉ ፈተናው በትክክል መዝኖናል ብለን ማመን ደስ ይለናል። ያላለፉት ጓደኞቻችን ግን ምናልባት ሌላ ይሉ ይሆናል። ፈተና የሚመዝነውና የማይመዝነው ምን እንደ ሆነ ለመመርመር፣ ተማሪን አጥብቆ በመምረጥ ስሙ የታወቀውን የፓሪስን የሙዚቃ ኮንሰርቫቷር ታሪክ ዛሬ እናነሣለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮንሰርቫቷር» የሚለው ስም ምንጩ ኢጣሊያ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በናፖሊ ከተማ «ኮንሰርቫቶሪዮ» ይባሉ የነበሩት ቤቶች እጓለ ማውታን ተቀብለው የሚያሳድጉ ነበሩ፤ ቃሉም መጠበቅን ያመለክታል። ልጆቹ እንጀራ የሚያበላቸው ሙያ እንዲይዙ ሙዚቃ ይማሩ ስለ ነበር፣ ውሎ አድሮ ስሙ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ቀረ። እንግዲህ በስንት መከራ የሚገባበት ይህ ቤት ስሙን የወረሰው ማደሪያ ካጡ ልጆች ነው።

በፈረንሣይ ነገሩን የጀመሩት የወታደር ሙዚቀኞች ናቸው። በ1789 አብዮቱ ሲነሣ ቤርናር ሳሬት የተባለ የብሔራዊ ዘብ መኮንን 45 ሙዚቀኞች ሰብስቦ ባንድ አቆመ፤ ከዚህም በ1792 ትምህርት ቤት ተወለደ። ቀድሞ ዜማ ያስተምሩ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች በአብዮቱ ስለ ተዘጉ፣ አገሪቱ ሙዚቀኛ የምታፈራበት ሌላ ስፍራ አስፈለጋት። ስለዚህ ኦገስት 3 ቀን 1795 ኮንሰርቫቷር በሕግ ተቋቋመ። ሕጉም 115 ሙዚቀኞችና 600 ተማሪዎች እንዲኖሩት፣ ተማሪዎቹም ወንድ ሴት ሳይባል ከየአውራጃው በቁጥር ተመጣጥነው እንዲመረጡ፣ ትምህርቱም በነጻ እንዲሆን ያዛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክሎድ ዴቡሲ በ1872 በ10 ዓመቱ ሲገባ የድኻ ልጅ ነበር፤ አባቱም በፓሪስ ኮሙን ዐመፅ ተካፍሎ የተፈረደበት ሰው ነው። በሩ የከበርቴ በር ቢሆን ኖሮ ዴቡሲ በየት በኩል ይገባ ነበር?

ይሁን እንጂ በር ያለው ቤት በረኛም አለው። ከ1822 እስከ 1842 ዲሬክተር የነበረው ሉዊጂ ኬሩቢኒ ደንብ አጥባቂ ሰው ነበር። በ1823 መጨረሻ የ12 ዓመቱ ፍራንዝ ሊስት ከአባቱ ጋር መጥቶ ደጅ ቢጠና፣ የውጭ አገር ሰው አይገባም በሚለው ደንብ መለሰው። (ኬሩቢኒ ራሱ የፍሎሬንስ ተወላጅ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል!) የሴዛር ፍራንክ አባት ደግሞ ልጁን ለማስገባት የፈረንሣይ ዜግነት እስከ መውሰድ ደርሷል። ሄክቶር ቤርሊዮዝ በትዝታ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ወንዶችና ሴቶች በየበራቸው እንዲገቡ በታዘዘበት ጊዜ እርሱ በሴቶቹ በር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገብቶ ቢገኝ፣ ኬሩቢኒ በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ አሯሯጠው። ያው ቤርሊዮዝ በኋላ የዚያው ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆነ፤ አስተማሪነት ግን አልተሰጠውም።

ሴቶች በሩን ቢያልፉም ሁሉም ክፍል አልተከፈተላቸውም። ሉዊዝ ፋረንክ የሙዚቃ ድርሰትን ከአንቷን ራይሻ የተማረችው በግል ነው። በ1842 የፒያኖ ፕሮፌሰር ሆና 30 ዓመት ያህል አስተማረች፤ ደመወዟ ከወንዶቹ ጋር የተስተካከለው ግን በ1850፣ ለዘጠኝ መሣሪያ የደረሰችው ኖኔት ከተመሰገነ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሞሪስ ራቬል ነገር ነው። ራቬል በፉግ ውድድር ሽልማት ባለማግኘቱ በ1900 ከድርሰት ክፍል ተሰናበተ፤ ቢሆንም እንደ አድማጭ እየመጣ የመምህሩን የጋብርኤል ፎሬን ትምህርት ይከታተል ነበር። በዚያን ጊዜ «የሮም ሽልማት» የሚባል ውድድር ነበረ። የሚያካሂደው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሲሆን፣ የኮንሰርቫቷር ልጆች ሁሉ ይመኙት ነበር፤ ያሸነፈ በመንግሥት ገንዘብ ሮም ሄዶ ይቀመጣልና። ራቬል አራት ጊዜ ሞክሮ አንደኛነቱን አላገኘም። በ1905 ዕድሜው 30 ሞልቶ፣ ከዚያ በኋላ መወዳደር የማይችልበት ዓመት ላይ፣ ለአምስተኛ ጊዜ ቀረበና በመጀመሪያው ማጣሪያ ወደቀ። ይህ ሰው ያን ታላቅ የባለ አውታር ኳርቴቱን በ1903 ጨርሶ ነበር! ለመጨረሻው ዙር ያለፉት ስድስቱም የአንድ መምህር፣ የሻርል ለነፕቮ፣ ተማሪዎች ነበሩ፤ መምህሩም ከዳኞቹ አንዱ ነው። ጋዜጦች ጮኹ፤ የራቬል ወዳጅ ያልነበረው ደራሲ ሮማን ሮላን እንኳ ተቃውሞውን ጻፈ።

አድልዎ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እኛ ግን ይበልጥ የሚያስፈራን ሌላው ነው፤ ዳኛ በቅን ልቡናም ቢሆን የሚመዝነው በሚያውቀው ሚዛን ነው፣ ለአዲስ ነገር ደግሞ ሚዛኑ ገና አልተሠራለትም።

በዚያው ዓመት ፎሬ ዲሬክተር ሆነ፤ እርሱ ራሱ በኮንሰርቫቷሩ ተምሮ አያውቅም። ከዳኞቹ መካከል የውጭ ሰዎች እንዲቀመጡ አደረገ፣ የሚጠናውንም ሙዚቃ አሰፋ፤ ቅር የተሰኙት ሮቤስፒዬር የሚል ስም አወጡለት። በ1913 ሊሊ ቡላንዤ በሮም ሽልማት በሙዚቃ አንደኛ በመውጣት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በሩ ግን እንደ ተከፈተ አልቀረም፤ በ1940 የቪሺ መንግሥት ሕግ አይሁዳውያን መምህራንን አስወጣ።

ከጦርነቱ በኋላ ያኒስ ዜናኪስ የሚባል ስደተኛ ግሪካዊ መሐንዲስ በአርክቴክቱ በለ ኮርቡዚዬ ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሙዚቃ መድረስ ቢፈልግም የሃርሞኒና የኮንትራፑንቶ ትምህርቱ የተሟላ አልነበረም፤ በመግቢያው ፈተና ቢቀርብ ኖሮ መውደቁ አያጠራጥርም። በ1951 ግን በኮንሰርቫቷሩ ያስተምር ወደ ነበረው ወደ ኦሊቪዬ ሜሲያን ሄዶ፣ ያንን ሁሉ ከሥር ልጀምር ወይ ብሎ ጠየቀው። ሜሲያንም አይሆንም፣ የያዝከውን ሒሳብና ምሕንድስና በሙዚቃህ አውለው ብሎ መከረው። ዜናኪስ ሳይፈተን ከክፍሉ ገብቶ ተቀመጠ፤ «ሜታስታሲስ» የተባለውን ድርሰቱንም በ1954 ጨረሰ።