እንግዳ ሆኖ እንግዳ ማሳደር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአባቶቻችን ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ካገኘው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ባለቤቱም ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ይለዋል። በዚህ አጭር ምልልስ እንግዳውም ቤቱም የእግዚአብሔር መሆናቸው ተመስክሯል። ለባለቤቱ የቀረለት አደራው ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ አደራ ነው፤ ይኸውም ከመብራት መስመርና ከቧንቧ ርቆ፣ በዛፍ መካከል እንግዳ ማሳረፊያ ሠርቶ ስለ መኖር ነው።

ለለሚና ለአካባቢዋ ምእመናን ይህን ማስተማር ያስፈለገው ጊዜው ስለ ደረሰ ነው። ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሜዳው አልቆ የጀማ ሸለቆ ከሚጀምርበት አፋፍ አጠገብ ተቀምጣለች። ከሙከጡሪ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወርደው መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል። ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘውን፣ በጀማ ሸለቆ የምትታወቀውን ቆቅና በገደሉ ላይ የሚያድረውን ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች ይህን መንገድ ለብዙ ዓመት ተመላልሰውበታል። የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የከተማዋን ስም የሚያውቅ ሰው በዝቷል። እንግዲህ «አፋፉ ላይ ሎጅ ብሠራስ?» ብሎ የሚያስብ ወጣት ቢኖር አይገርምም። አሳቡ መልካም ነው። ግን ከመሠረቱ እንጀምር።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ቁጥር 23 እግዚአብሔር ምድር የእርሱ መሆኗን፣ እስራኤልም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች መሆናቸውን ይነግራቸዋል። ልብ በሉ፤ ይህ የተነገረው ርስት ሊካፈሉ ላሉ ሰዎች ነው። ርስት እየተሰጣቸው ሳለ እንግዶች ተባሉ። ስለዚህ የሊዝ ወረቀትና የንግድ ፈቃድ በእጁ የያዘ ሰውም በእግዚአብሔር ፊት ያው እንግዳ ነው። በደን ውስጥ የሚያስተናግድ ሰው እርሱ ራሱ ቀድሞ የገባ እንግዳ እንጂ ባለቤት አይደለም። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ይህን ያልተቀበለ ሰው የቀረውን ሕግ ሁሉ እንደ ሸክም ያየዋል።

አዳምም በገነት ሲቀመጥ ሁለት ሥራ ተሰጥቶታል፤ ማበጀትና መጠበቅ (ዘፍ 2፥15)። ገነትን የተከለ እርሱ አልነበረም። የሚያበጅ ግን የማይጠብቅ ሰው ዛፉን ቆርጦ ይሸጣል። ሁለቱ ትእዛዛት በአንድ ቃል የተነገሩት አንዱ ያለ ሌላው ስለማይቆም ነው።

አሁን ብዙዎች የሚጠይቁትን እናንሣ። እንግዳ መቀበል ጽድቅ ከሆነ ገንዘብ መቀበል ኃጢአት አይሆንምን? አብርሃም በመምሬ አድባር ዛፍ ሥር ሥላሴን ሲቀበል ዋጋ አልጠየቀም። እውነት ነው። የመሸበት ድሀ መንገደኛ ከደጃችሁ ቢቆም ዋጋ አትጠይቁት፤ በሎጁ ውስጥ ለእንዲህ ያለው ሰው የምትሆን አንዲት አልጋ ማስቀረትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምር የእንግዶች ማደሪያ ጠባቂውን እናስታውስ። ያ ሰው ሁለት ዲናር ተቀበለ፤ ስለ መቀበሉም አልተወቀሰም። እንዲያውም የቆሰለው ሰው በአደራ የተሰጠው ለእርሱ ነው። አባቶች ሳምራዊውን ጌታችን፣ ማደሪያውን ቤተ ክርስቲያን፣ ጠባቂውን መምህራን፣ ሁለቱን ዲናር ብሉይና ሐዲስ ብለው ተርጉመውታል። በመጽሐፍ ለካህናት ምሳሌ የሆነ ሙያ የሚናቅ ሙያ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ግን ይበልጣል። ሳምራዊው ከሁለቱ ዲናር በላይ ቢወጣ ተመልሶ ሲመጣ እንደሚከፍል ቃል ገብቷል። ጠባቂው እንግዲህ ከተከፈለው በላይ እንዲያወጣ ይጠበቅበታል። ሎጅ የሚያስተዳድር ሰውም እንዲሁ ነው። እንግዳው የአልጋና የምግብ ይከፍላል። የሚፈሰውን አፈር በእርከን ለመያዝ፣ ችግኝ አፍልቶ ለመትከልና ለማጠጣት፣ ምንጩን ለማጠር የሚወጣውን ግን በደረሰኝ የሚከፍል እንግዳ የለም። ይህ ወጪ በጌታ መምጣት የሚከፈል ዕዳ ነው። ኪሳራ ብሎ የመዘገበው ሰው መዝገቡን ተሳስቷል።

ወደ ሥራው እንውረድ። መጀመሪያ ቦታው። በአካባቢያችን ትልልቅ ጽድና ወይራ ተጠብቀው የቆዩት ብዙውን ጊዜ በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ነው። ያ ዐጸድ የጸሎትና የሙታን ማረፊያ ነው፤ አልጋና ቡና ቤት አይገባበትም። ጥላው ምንም ቢያምር፣ ገቢው ለደብሩ ነው ቢባልም፣ በዚህ ላይ መጠራጠር አያስፈልግም። ሎጅ የሚሠራ ሰው ከዐጸዱ ውጭ ያለውን የተራቆተ አፋፍ ይዞ የራሱን ዛፍ ይትከል። አብርሃምም ድንኳን መትከል ብቻ አልነበረም ሥራው፤ በቤርሳቤህ ዛፍ ተክሏል (ዘፍ 21፥33)። በሰሜን ሸዋ ራሱ ከአንኮበርና ከደብረ ሲና አጠገብ የወፍ ዋሻ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የመናገሻን ተራራ ያስተከሉት ከዚያ በመጣ የጽድ ዘር ነው የሚለው ትውፊት ዛሬም ይነገራል። ንጉሥ ዘር አስመጥቶ ካስተከለ፣ እኛ ችግኝ ለማፍላት የምንንቀው ምኑን ነው?

ሲሠራም በዘዳግም ምዕራፍ 20 ቁጥር 19 ለጦር ሠራዊት እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ ታዝዟል። በጦርነት ያልተፈቀደ ለመዝናኛ አይፈቀድም። ሲሚንቶ ከደጃችን ቢመረትም ሥሩን በኮንክሪት የተከበበ ዛፍ ውኃና አየር አጥቶ ይደርቃል። ጎጆው በድንጋይ መሠረት ላይ፣ በጭቃና በጭድ ግድግዳ ይቁም። የሣር ክዳን ለእንግዳው ያምራል፤ ቀንም ሌትም ሙቀቱን ያመጣጥናል። ነገር ግን ከሣር ክዳን የሚወርድ ውኃ ቀለሙ ተለውጦ ስለሚወርድ ለመጠጥ አይሆንም። ስለዚህ ማድ ቤቱና ዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ይልበሱ። በ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1000 ሊትር ይሆናል፤ ከፊሉ ቢባክን እንኳ አንድ ብርቱ የክረምት ዝናብ አንድ ትንሽ ሮቶ ይሞላል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ፤ የሚጠጣውም ተጣርቶ ይፍላ።

ስለ ውኃ ስናነሣ የነቢዩ ሕዝቅኤልን ተግሣጽ እናስብ። በምዕራፍ 34 የጠራውን ውኃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን ይገሥጻል። በለሚ አፋፍ ላይ የሚፈስ ሁሉ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከገደሉ ሥር የሚቀዱና ከብት የሚያጠጡ ወንድሞች አሉ። የእቃ ማጠቢያውና የገላ መታጠቢያው ውኃ በጠጠርና በአሸዋ ጉድጓድ ተጣርቶ ለተክል ይዋል እንጂ በቀጥታ ወደ ገደል አይለቀቅ።

መጸዳጃውን ማንሣት የሚያሳፍረው መምህር ኦሪትን ያንብብ። በዘዳግም ምዕራፍ 23 ከቁጥር 12 ጀምሮ ከሰፈር ውጭ ቦታ እንዲለይ፣ መቆፈሪያ እንዲያዝ፣ የወጣውም እንዲከደን ታዝዟል። ምክንያቱን ስሙ፤ እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ስለሚመላለስ ነው። ከጤና ባለሙያ በፊት ይህን ያስተማረን ሕገ እግዚአብሔር ነው። መጸዳጃው ከምንጭና ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከበላዩም አይሁን። ውኃ በማይበዛበት አፋፍ ላይ የሚስማማው በአመድና በደረቅ ቅጠል የሚሸፈነው ደረቅ መጸዳጃ ነው። አንዱ ጉድጓድ ሲሞላ ተዘግቶ ከአንድ ዓመት ያላነሰ ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ ለዛፍ ሥር አፈር ይሆናል። ይህን ሥራ የሚሠራውን ሠራተኛ አታሳንሱት።

እሳትን በተመለከተ ዘጸአት 22፥6 እሳት ያነደደ ሰው የተቃጠለውን እንዲከፍል ያዝዛል። በበጋ ሣሩ ደርቆ ሳለ እንግዶች እንደ ፈለጉ እሳት እንዲያነዱ መፍቀድ ደግነት አይደለም። አንድ የተከለለ የእሳት ቦታ ይብቃ። እንጀራው «ምርጥ» በሚባለው ምድጃ ቢጋገር ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ለመብራት ሶላርና ባትሪ ይበቃል፤ ነገር ግን ዐቅሙ በታኅሣሥ ብርሃን ሳይሆን በደመናማ ቀን ይለካ። ያረጀ ባትሪ በደን አይጣልም፤ መርዝ ነው። ጀነሬተር ከሌለ ደግሞ ሌሊቱ ጸጥ ይላል። ጌታችን ሐዋርያቱን ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ የጋበዘው እንዲህ ወዳለ ጸጥታ ነው (ማር 6፥31)።

የአፋፉን አጥር አትዘንጉ። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ እንዳይሆን በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። በጀማ ገደል ጫፍ ይህ በቀጥታ የሚፈጸም ትእዛዝ ነው። በዚያው ምዕራፍ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን እንዲለቃት ታዝዟል፤ የፎቶ ጉጉት ያለበትን እንግዳ ይህን ማስተማር የአስጎብኚው ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ፤ ብዙ ሎጅ የሚወድቀው በዚህ ነውና። በመንዝ ጓሳ ያለው ሥፍራ ደን ሳይሆን የሣር ምድር ነው፤ ትምህርቱ ግን ለደንም ይሆናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአስቦና የጌራ አባቶች ምድሩን ከልለው ሥርዓት አወጡለት። የጓሳው ሣር እንዳይታጨድና ከብት እንዳይገባበት ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። የሚከፈትበትም ጊዜ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይታወጅ ነበር። ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢናጋም ሕዝቡ አልተወውም፤ በኋላም የክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አጸናለት። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም አሉበት። በዚያ ያለው የእንግዳ ማረፊያ የማኅበረሰቡ ነው፤ ቀላል ቤት ነው፤ እንግዳው ስንቁን ይዞ ሄዶ እዚያው ያበስላል። ሩቅ ባሌ በሃረና ደን ውስጥ ያለው ሎጅ ደግሞ ከአጠገቡ ከሚወርድ ጅረት በአነስተኛ የውኃ ኃይል መብራት ያመነጫል። ሁለቱም ይጠቅሙናል፤ እኔ ግን ለለሚ የጓሳውን አስቀድማለሁ። መሣሪያ ይገዛል፤ የጎረቤት ፈቃድ ግን በዓመታት ይሠራል።

ስለዚህ ሎጅ የሚከፍት ሰው የሣሩ አጨዳ፣ የማገዶው ለቀማ፣ የምንጩ ተራ ከጥንት የማን እንደ ነበረ አስቀድሞ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ። ጤፉን፣ ማሩን፣ ዶሮውን ከጎረቤቶቹ ይግዛ። የሠራተኛውን ደመወዝ በቀኑ ይክፈል፤ በኤርምያስ 22፥13 ባልንጀራውን ያለ ዋጋ አሠርቶ ቤት በሚሠራ ላይ ወዮታ አለና። የተረፈውም ምግብ አይጣል፤ ጌታችን አምስት ሺሕ ካጠገበ በኋላ ቁርስራሹን አስለቅሟል (ዮሐ 6፥12)።

በመጨረሻ የዕረፍቱ ነገር አለ። ኦሪት ለምድር በሰባተኛው ዓመት ዕረፍት ሰጥታለች፤ የጓሳ አባቶችም ሣሩን ዘግተው አሳርፈዋል። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ይጨቀያል፤ ሶላሩ ይደክማል፤ የእንግዳ እግር የረገጠው ጎዳናም በጎርፍ ይሸረሸራል። በእነዚህ ሁለት ወራት ሎጁ ቢዘጋ ሣሩ ያገግማል፤ ችግኝ የሚተከለውም ያኔ ነው። ነገር ግን የሰንበት ሕግ ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም፤ ዘዳግም 5፥14 አገልጋይህ እንደ አንተ ይረፍ ይላልና ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ወደ ቤቱ ቢሰደድ አረፈ አይባልም። ስለዚህ ባለቤቱ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ከሚገባው ገቢ የሁለቱን ወር ደመወዝ በየወሩ እየለየ ያስቀምጥ፤ በሐምሌ መጀመሪያም ለእያንዳንዱ በእጁ ይስጠው።