ሕዝብ ሲሰበሰብ መንጋ ይሆናልን?

ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ባየ ቁጥር «ሁከት ነው!» የሚል ባለሥልጣን በየዘመኑ አይጠፋም። ለመሆኑ ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ? ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለቦን እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ከብዙኃን ጋር ሲቀላቀል ማሰቡን ትቶ በስሜት እንደሚነዳ ጽፎ ነበር። እኔ ግን አልቀበለውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ለሃይማኖት እኩልነት በአዲስ አበባ ያካሄዱት፣ ክርስቲያን ወገኖችም የተቀላቀሉት ታላቅ ሰልፍ ጥያቄዎቹን በዝርዝር ያቀረበ ነበር። መንጋ ደግሞ ጥያቄ አይዘረዝርም።

አሜሪካዊው ኒል ስሜልሰር እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳስረዳው፣ የሕዝብ እንቅስቃሴ የሚወለደው ስድስት ሁኔታዎች ተራ በተራ ሲሟሉ ነው። ይህንን በከፋ እንመዝነው።

አንደኛው ምቹ መደላድል ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ክልል የመመሥረትን መብት ይሰጣል። ሁለተኛው ብሶት ነው፤ በደቻ ወረዳ ማንኪራ የሚኖር ገበሬ ጉዳዩ ክልል ከደረሰ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ ሐዋሳ መሄድ ነበረበት። ሦስተኛው የጋራ እምነት ነው፤ የማንኪራን ጫካ የቡና መገኛ አድርጎ የሚኮራ ሕዝብ «ለምን ወደ ዳር ተገፋን?» ብሎ ይጠይቃል። አራተኛው ቀስቃሽ ክስተት ሲሆን እርሱም የ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ነው። አምስተኛው መደራጀት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄን አጸደቀ። ስድስተኛው የመንግሥት ምላሽ ነው።

ምላሹ ምን ነበር? ከፋ የጠየቀው የራሱን ክልል ነው፤ የቀረበለት ግን ከሌሎች አራት ዞኖችና ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር የጋራ ክልል ነበር። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ኅዳር 14 ቀንም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ቦንጋም የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች።

ማካርቲና ዛልድ እ.ኤ.አ. በ1977 እንደጻፉት፣ ብሶት በየትም አለ፤ እንቅስቃሴን የሚወልደው ድርጅት፣ ገንዘብና የሰው ኃይል ነው። ይሁን እንጂ ድርጅት ብቻውን ምን ይፈይዳል? ኢብን ኸልዱን ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት «ዐሰቢያ» ያለው የመተሳሰር ስሜት ከሌለ ድርጅት ባዶ ቤት ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ በስድስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ሕጋዊው በር ከተከፈተ ሕዝብ ድምፁን በኮሮጆ ውስጥ ይጨምራል። በሩ ከተዘጋ ግን ለቦን የፈራውን መንጋ የሚፈጥረው ራሱ በሩን የዘጋው ነው። ወላሁ አዕለም።