ካንዴላው «ቀዝቃዛ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ካንዴላዎች «ሙቅ» እና «ቀዝቃዛ» ተብለው ሲመደቡ፣ ሙቁ ካንዴላ ይበልጥ ጠንካራ ብልጭታ የሚሰጥ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ስያሜው ግን ብልጭታውን አይመለከትም። የሚመለከተው የካንዴላው ጫፍ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፍበትን ፍጥነት ነው። ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሠራው የሴራሚክ አፍንጫ ረጅም ሲሆን የሙቀቱ መንገድ ይረዝማል፤ ጫፉም ይግላል። አጭር ሲሆን ቶሎ ይበርዳል።

የጫፉ ሙቀት ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ ጥላሸቱን አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት ይሳነዋል። ከ850 ብዙ ካለፈ ደግሞ እንደ ጋለ ፍም ሆኖ፣ ብልጭታው ሳይመጣ ድብልቁን ያቀጣጥላል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ግፊቱ ስለሚያርፍበት በአጭር ጊዜ ሊበሳ ይችላል።

አሁን የቱርቦው ግፊት ከፋብሪካው መጠን በላይ ከፍ የተደረገበትን ሞተር እንውሰድ። ለስሌት እንዲመቸን ቴስታታው ዘወትር 200 ዲግሪ፣ የካንዴላው ጫፍ ደግሞ ቀድሞ በሙሉ ጭነት 750 ዲግሪ ነበር እንበል፤ ልዩነቱ 550 ነው። በፎሪየር ሕግ መሠረት ልዩነቱ የሙቀት ፍሰቱና የመንገዱ ሬዚስታንስ ብዜት ነው። ፍሰቱ በ30 በመቶ ቢጨምር ልዩነቱ 715 ይሆናል፤ ጫፉም 915 ዲግሪ ይደርሳል። ሬዚስታንሱ በ20 በመቶ ያነሰ ካንዴላ ብንተካ ልዩነቱ ወደ 572፣ ጫፉም ወደ 772 ይወርዳል። መፍትሔው የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን ያው መኪና በከተማ መንገድ ሲያዘግም ፍሰቱ ከመነሻው በግማሽ ቢያንስ፣ የቀድሞው ካንዴላ በ475 ሲጸና አዲሱ 420 ላይ ይቀራል፤ ጥላሸትም ይለብሳል። ይበልጥ ቀዝቃዛ የሆነ ሁሉ ይበልጥ አስተማማኝ ነው የሚለውን ምክር የማንቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ደረጃ የጫፉን ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ያህል ይለውጣል። በተለምዶ የሚሠራበት መነሻ ለተጨመረ ከ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት አንድ ደረጃ መውረድ ነው። ቁጥሩን ስናነብ ግን እንጠንቀቅ፦ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽ ተቃራኒው ነው። ከኤንጂኬ ቢኬአር6ኢ ወደ ቢኬአር7ኢ መሄድ አንድ ደረጃ መቀዝቀዝ ነው።

ከብልጭታው በኋላ የሚሰማው የሞተር ማንኳኳት ሌላ ጉዳይ ነው። መንስኤው የቀደመ የብልጭታ ጊዜ፣ የቤንዚን ማነስ ወይም ዝቅተኛ ኦክቴን ሆኖ ሳለ ካንዴላ ብቻ መቀየር በሽታውን መሸፈን ይሆናል።

አብዛኛው ሙቀት የሚያልፈው በጥርሱና በመቀመጫው በኩል ስለሆነ፣ በደንብ ያልጠበቀ ካንዴላ ደረጃው ትክክል ቢሆንም ይግላል። ምርጫችንን ለመፈተን ሞተሩን በጭነት አሠርተን፣ ያለ ጭነት እንዲዞር ሳንተወው አጥፍተን፣ ሲበርድ ካንዴላውን እንፈታለን። ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ አፍንጫ ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካንዴላው መቀዝቀዙን ወይም ቤንዚኑ መብዛቱን ይጠቁማል። ነጭ ሆኖ ያበጠ፣ የአሉሚኒየም ፍንጣሪ የተጣበቀበት አፍንጫ ካየን ግን መኪናውን ዳግመኛ በጭነት አንነዳም፤ ፍንጣሪው ከፒስተኑ የመጣ ሊሆን ይችላልና።