ሰርቨርን አጥፍቶ ማስነሣት የሚገባው መቼ ነው?

ባለፈው ዓመት በአንድ እሑድ፣ የሰንበቴ ገበያ እንደ ልማዱ ከቆላና ከደጋ በመጣ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ አጎቴ ስድስት ኩንታል ማሾ በጋሪ አስጭኖ ለአንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን አስረከበ። እኔም ልረዳው አብሬው ነበርሁ። በዚያ መጋዘን የሚመዘነው እህል የሚመዘገበው በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር ነው። ሚዛኑ ዘንድ የተቀመጠው ልጅ ክብደቱን በአንድ ኮምፒዩተር ያስገባል፤ ገንዘብ ከፋዩም በሌላ ክፍል ሆኖ በሌላ ኮምፒዩተር ተመልክቶ ይከፍላል። ሁለቱን የሚያገናኝና መዝገቡን የሚጠብቅ ሦስተኛ ኮምፒዩተር ደግሞ በጓዳ ተቀምጦ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ሰርቨር የሚባለው ይህ ነው፤ ትርጓሜውም አገልጋይ ማለት ነው።

ስድስተኛው ኩንታል ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ኮምፒዩተሩ መዘግየት ጀመረ። ልጁም «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ ሲስተሙ ደክሞታል፤ አጥፍቼ ላብራው» አለና ወደ ጓዳ ገብቶ የሰርቨሩን ቁልፍ ተጭኖ አጠፋው። ተመልሶ ሲበራ በአጎቴ ስም የተገኘው አራት ኩንታል ብቻ ነበር። አጎቴም «ልጄ፣ እኔ ያስረከብሁት ስድስት ነው፤ ሁለቱን ማን በላው?» አለ። ማሾው ከክምሩ ጋር ስለ ተቀላቀለ እንደገና መመዘን አልተቻለም። ክርክሩ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ቆየ። በመጨረሻም ሽማግሌዎች ገብተው፣ ተሸካሚዎቹም መስክረው፣ ነጋዴው የአንዱን ኩንታል ዋጋ ከፈለ፤ የአንዱ ግን ቀረ። አንድ ኩንታል ማሾ ለአንድ ገበሬ ቤት ትንሽ ነገር አለመሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ሁሉም ሰው «አጥፍተህ አብራው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ታዲያ ይህ መድኃኒት በእውነት የሚያስፈልገው መቼ ነው? የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህራችንን ጠይቄ፣ መጻሕፍትንም አገላብጬ የተረዳሁትን ከዚህ በታች ለመግለጽ እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ሁለቱ ኩንታሎች የት እንደ ገቡ እንመልከት። ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለው። አንደኛው ራም የሚባለው ሲሆን ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛው ዲስክ ነው፤ እርሱ ቀርፋፋ ቢሆንም የጻፈውን አይረሳም። የመጋዘኑ የሚዛን ፕሮግራም ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ምዝገባውን በራም አከማችቶ በየዐሥሩ ወደ ዲስክ የሚጽፍ ነበር። የአጎቴ አራቱ ኩንታሎች ከፊተኛው ዐሥር ጋር ተጽፈዋል፤ ሁለቱ ግን ገና ተራቸውን ሲጠብቁ ቁልፉ ተጫናቸው። ልጁ ቁልፉን ከመጫን ይልቅ ሰርቨሩን በትእዛዝ ቢያሰናብተው ኖሮ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እያንዳንዱን ፕሮግራም «የያዝኸውን ጽፈህ ውጣ» ብሎ ይጠይቀው ነበር። ስለዚህ አጥፍቶ ማብራት ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር በእውነቱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የእርሱም እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነል ራምን የሚያከፋፍል፣ ዲስኩን የሚያዝዝ፣ ለሌሎች ፕሮግራሞችም ተራ የሚሰጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከርነሉ ከዲስክ ወደ ራም ይገባና እስኪጠፋ ድረስ በዚያ ይኖራል። እንግዲህ አንድ ተራ ፕሮግራም ቢበላሽ ያንን ፕሮግራም ብቻ አቁሞ ማስነሣት ይበቃል፤ ሌሎቹ ሥራቸውን አያቋርጡም። ከርነሉ ራሱ በአዲስ ሲተካ ግን በዲስክ ላይ ያለው አዲስ ይሁን እንጂ በራም የሚሠራው አሮጌው ነው። በዚህ ጊዜ ማስነሣት የግድ ይሆናል።

ይህን አለማድረግ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ ለተገኘ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። መድፈኛው የሚሠራው ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣ ነው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ዋናክራይ የሚባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በብዙ አገሮች የነበሩ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች በሽተኞችን ወደ ሌላ ቦታ እስከ መላክ ደረሱ። መድፈኛው ተዘጋጅቶ ሳለ የተጎዱት ያላስገቡት ናቸው።

ሊኑክስ በዚህ ረገድ ትንሽ ይለያል። የሚሠራበት ፋይል ቢሆንም እንኳ በአዲስ እንዲተካ ይፈቅዳል፤ ዊንዶውስ ግን የተከፈተን ፋይል ስለሚቆልፍ ብዙውን ጊዜ ለመተካት ማስነሣትን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ በ2007 ዓ.ም. ከወጣው ሊኑክስ 4.0 ጀምሮ፣ የከርነሉን አንዳንድ ክፍል ሳይጠፋ እየሠራ መጠገን ተችሏል። ይህ ግን የሚሆነው ለትንንሽ ጥገና ነው፤ ከርነሉን በሙሉ ለመለወጥ አሁንም ማስነሣት ያስፈልጋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማንም ምንም ሳይለውጥበት፣ ብዙ ቀን ከመሥራቱ የተነሣ ብቻ የሚሳሳት መሣሪያ አለ። ምክንያቱም ኮምፒዩተር ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ጊዜን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ የሚቀመጥበት ሥፍራ ደግሞ ወሰን አለው። የቀድሞው ዊንዶውስ 95 በሺህኛ ሰከንድ ይቆጥር ስለ ነበር፣ 4,294,967,296 ሲደርስ ሥፍራው ሞላ፤ ይህም 49 ቀን ከ17 ሰዓት ያህል ነው፤ በዚያ ጊዜም ኮምፒዩተሩ ሊደርቅ ይችል ነበር።

በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪቃ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 አውሮፕላንም እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። በ2007 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባወጣው መመሪያ እንደ ተገለጸው፣ የዚህ አውሮፕላን የኤሌክትሪክ ጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎች ሳይጠፉ 248 ቀን ከቆዩ በውስጣቸው ያለው ቆጣሪ ሞልቶ ሥራቸውን ሊያቆሙ ይችሉ ነበር። አራቱም አንድ ላይ ተነሥተው ከሆነ አራቱም አንድ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ የአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ በየጊዜው ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ታዘዘ። እዚህ ላይ አጥፍቶ ማብራት የሰነፍ ልማድ ሳይሆን በሕግ የታዘዘ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ከቀይ ባሕር ማዶ የደረሰው ደግሞ እጅግ የሚያሳዝን ነው። የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ በዳህራን ከተማ የነበረ ፓትሪዮት የሚባል መከላከያ፣ የመጣውን የስከድ ሚሳይል ሳያገኘው ቀረና 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ። መከላከያው ጊዜን በዐሥረኛ ሰከንድ ይቆጥር ነበር፤ ዐሥረኛው ግን በኮምፒዩተር የቁጥር ስልት በትክክል ሊጻፍ ስለማይችል ተቆርጦ ተቀመጠ። ስሕተቱ ከቁጥር የማይገባ ይመስላል። ነገር ግን መሣሪያው ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል በመቆየቱ የሰከንድ ሲሶ የሚያህል ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስከድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መሣሪያውን አጥፍቶ ለማስነሣት ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም ነበር። አስቀድሞም «እጅግ ረዥም ጊዜ አታሠሩት» የሚል ማስጠንቀቂያ ተልኮ ነበር፤ እጅግ ረዥም ማለት ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ግን አልተጻፈበትም። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግሥቱ ነው።

እንግዲህ አንዳንዱ ማስነሣት ሰው ያድናል፤ አንዳንዱ ደግሞ የገበሬን ማሾ ያጠፋል። የመጋዘኑ ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ ለማወቅ ነጋዴውን ለመንነው። እርሱም በክርክሩ ስላፈረ ይሁን ስለ ተሰላቸ እንጃ፣ ከመምህራችን ጋር ሰርቨሩን እንድናይ ፈቀደልን። ሳናጠፋው ከሰኞ እስከ ኀሙስ በየማታው እየሄድን፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ያህል ራም እንደ ያዘ በደብተር ጻፍን። የሌሎቹ ሁሉ ባለበት ሲቆይ የሚዛኑ ፕሮግራም ብቻ በየቀኑ ያድግ ነበር። የወሰደውን ራም ሥራውን ሲጨርስ አይመልስም፤ ገበያ በሚበዛበት በእሑድ ቀን ሞልቶ ሌላውን ሁሉ ያንቃል። ልጁ ሰርቨሩን በሙሉ ሲያጠፋ ይህም ስለሚጠፋ የዳነ ይመስለው ነበር፤ በሳምንቱ ግን ያው ነው። ያንን አንዱን ፕሮግራም በሥርዓት አቁመን ብናስነሣው ሰርቨሩ ወዲያው ቀለለ፤ ከግማሽ ደቂቃም አልፈጀም።

በዚያው ምርመራ ሌላ ነገር አገኘን። ሰርቨሩ ከተገዛ ጀምሮ አንድም ማሻሻያ አልገባለትም ነበር። በየእሑዱ ያለ ምክንያት እየጠፋ፣ በእውነት መጥፋት ለሚያስፈልገው ሥራ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠፋም።

መብራት በድንገት ሲቋረጥስ ትሉኝ ይሆናል። በእኛ ከተማ ሰርቨሩ መቼ እንደሚጠፋ ብዙ ጊዜ የሚወስነው መብራቱ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ መምህራችን የመከሩት መፍትሔ ጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ እንዲገዛ፣ ባትሪውም ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያሰናብት ነው። ነጋዴው ባትሪውን ገና አልገዛም። የሚዛኑ ፕሮግራም ግን ሠሪው ተጠርቶ እያንዳንዱን ኩንታል ወዲያው በዲስክ እንዲጽፍ፣ ለገበሬውም ቁራጭ ወረቀት እንዲያትም አድርጎታል። ራም አለመመለሱ ስላልታረመ፣ ልጁ ቅዳሜ ማታ ያንን ፕሮግራም ብቻ አቁሞ ያስነሣል። ማሻሻያ ሲገባ ደግሞ በወሩ መጨረሻ፣ ገበያ በሌለበት ማታ፣ ሰርቨሩ በሙሉ በትእዛዝ ጠፍቶ ይነሣል።

አጎቴ ቁራጩን ወረቀት ይቀበላል። ሆኖም አሁንም ወደ ሚዛኑ ሲቀርብ፣ በወጣው ኩንታል ልክ አንድ አንድ ጠጠር ወደ ኪሱ ይጨምራል።