በሩቁ ስለ ማመንና ማስረጃን ስለ መሻት

በአላህ ስም፤ እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

የአላህ ባሮች ሆይ! የአል-በቀራህ ምዕራፍ ገና በ3ኛው አንቀጽ በዓይን ባልታየው በሩቁ ነገር የሚያምኑትን ያመሰግናል። ያው ምዕራፍ በ282ኛው አንቀጽ፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ በረዥሙ፣ በዱቤ የሚዋዋሉ ሰዎች ውላቸውን እንዲጽፉና ምስክር እንዲያቆሙ ያዛል። ነጋዴ ሆይ፣ ይህን አስተውል! ሸሪዓ ማስረጃን አልናቀም፤ ስፍራውን ለየለት እንጂ። ሰው ይረሳል፣ ይክዳል፣ ይሞታልም፤ ስለዚህ ጽሑፍ ያሻዋል። አላህ ግን አይረሳም።

እነሆ፣ የባለዕዳውን ወረቀት በሣጥን ቆልፎ የሚያድር ሰው፣ ለዘካ ከ40 አንዱን አውጣ ሲባል «ምንዳውን ማን አይቶ መጣ?» ይላል። ይህ ሰው ዓይኑን ዳኛ አድርጎ ሾመ። ዳኛውስ የታመነ ነውን?

በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድ-ደላል» በተባለው መጽሐፋቸው ይህንኑ መርምረዋል። ዓይን ኮከብን የአንድ ዲናር ያህል አሳንሶ ያያል፤ የሥነ ልክ ማስረጃ ግን ከምድር እንደሚበልጥ ያስረዳል። ጥላም የቆመ ይመስላል፤ ቆይተው ሲያዩት ግን ሄዷል። ኋላ በአእምሮም ላይ ጥርጣሬ አደረባቸውና ሁለት ወር ያህል በዚሁ ደዌ ተጨነቁ። የዳኑትም ክርክር በመደርደር ሳይሆን አላህ በደረታቸው ውስጥ በጣለው ብርሃን ነው።

«ነቢዩ ኢብራሂምስ (ዐ.ሰ.) ሙታን እንዴት እንደሚነሡ ለማየት ለምነው የለምን?» የሚል ቢኖር፣ 260ኛውን አንቀጽ በዝግታ ያንብብ። ጌታቸው ስለ እምነታቸው በጠየቃቸው ጊዜ አስቀድመው ማመናቸውን መሰከሩ፤ የሹትም የልብን መርጋት ነበር። አራቱ ወፎች የታዘዙላቸው ከዚህ ምስክርነት በኋላ ነው።