ስለ ጊታር ማጉያ የኋላ በር

ባለፈው ዓመት በተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት የተገኙ ጓደኞቻችን ነገሩን ሳያስታውሱት አይቀሩም። የጊታር ተጫዋቻችን ብቻውን የሚጫወትበት ተራ በደረሰ ጊዜ፥ ከማጉያው የወጣው ድምፅ ዜማ መሆኑ ቀርቶ የወፍጮ ቤት ጩኸት ሆነና ከኋላ የተቀመጡት «አጥፉት!» እያሉ ጮኹ። በማግስቱ ተሰብስበን ፍርድ ሰጠን፤ ጥፋተኛው የገደል ማሚቶ የሚያሰማው ፔዳል፥ ማለት ዲሌዩ ነው ተባለና ስንት ወር ገንዘብ አዋጥተን የገዛነውን ዕቃ እንሽጠው ወደሚል አሳብ ደረስን። ዳሩ ግን ዕቃው ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ገመዱን የሰካነው በማይገባው ቀዳዳ ነው። ሌሎችም እንደ እኛ ዕቃቸውን በከንቱ እንዳይሸጡ የተማርነውን እዚህ ላይ እንጽፋለን። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሆነን ስለ ኤሌክትሪክ ስንጽፍ የምሕንድስና ጓደኞቻችን እንደሚስቁብን እናውቃለን፤ ይሳቁ፥ ስሕተት ካገኙም ያርሙን።

የጊታር ማጉያ ከውጭ ሲታይ አንድ ሣጥን ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት ክፍሎች አሉት። ፊተኛው ክፍል፥ ፕሪአምፕ የሚባለው፥ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ያጐለብታል፤ የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያዎች፥ ጌይን የሚባለውም ቁልፍ የሚገኙት በዚሁ ነው። ኋለኛው ክፍል፥ ፓወር አምፕ፥ የተዘጋጀውን ድምፅ ተቀብሎ ስፒከሩን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኃይል ይሰጠዋል። ጌይኑ በጣም ከፍ ሲል ፊተኛው ክፍል ከአቅሙ በላይ ስለሚሞላ የሞገዱ አናትና ግርጌ ይቆረጣል። ዲስቶርሽን የምንለው ሻካራ ድምፅ የሚወለደው ከዚህ መቈረጥ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የቅደም ተከተል ነው። ዲሌዩን በጊታሩና በማጉያው መካከል ብናደርገው፥ የቀድሞው ድምፅ ማሚቶና አዲሱ ድምፅ አንድ ላይ ወደ ፊተኛው ክፍል ይገባሉ፤ ክፍሉም ሁለቱን ለይቶ ስለማያውቅ አብሮ ይቈርጣቸዋል። ከዚህም የባሰ፥ መቈረጥ ትልቁን ዝቅ ትንሹን ከፍ የማድረግ ጠባይ ስላለው፥ ቀስ እያለ መጥፋት የሚገባው ማሚቶ ከዋናው ድምፅ ጋር እኩል ይጮኻል። ያን ምሽት የሰማነው ይህን ነው። በገደል አፋፍ ቆሞ የሚጣራን ሰው እናስብ፤ በመጀመሪያ ጉሮሮው ይሻክራል፥ ቀጥሎ ገደሉ ይመልሳል። ገደሉ የመለሰው ድምፅ ግን ተመልሶ በሰውየው ጉሮሮ ውስጥ አያልፍም። እኛ ያደረግነው ግን ማሚቶውን በጉሮሮ ማሳለፍ ነበር።

ኤፌክት ሉፕ የተባለው የኋላ በር የተሠራው ለዚህ ነው። በብዙ ማጉያዎች ጀርባ ሴንድ እና ሪተርን የተባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ሴንድ ከፊተኛው ክፍል የሚወጣበት፥ ሪተርን ወደ ኋለኛው የሚገባበት ነው። ጊታሩን እንደ ወትሮው ከፊት ሰክተን፥ ከሴንድ ወደ ዲሌዩ መግቢያ፥ ከዲሌዩ መውጫ ወደ ሪተርን ገመድ እንዘረጋለን። ሪቨርብም ቦታው እዚሁ ነው። ዋው፥ ኮምፕረሰር፥ ፈዝና ኦቨርድራይቭ ከጊታሩ አጠገብ ይቆያሉ። ኮረስና ፌዘር በሁለቱም ቦታ ያገለግላሉ፤ በዚህ ላይ በመካከላችን እስካሁን ስምምነት የለም። የስፒከር መውጫውን ግን ከሴንድ ጋር ማሳሳት ክፉ አደጋ ነው፤ ፔዳሉን ያቃጥላል፥ በቱዩብ የሚሠራም ማጉያ ስፒከር ሳይሰካለት ቢሠራ የራሱ ትራንስፎርመር ሊነድ ይችላል።

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላም ድምፁ አልጠራም ነበር፤ ሁለተኛው ጥፋታችን የመጠን ነውና። አንዳንድ ማጉያ በሴንድ የሚልከው ለስቱዲዮ ዕቃዎች የተለመደውን +4 ዲቢዩ፥ ማለት 1.23 ቮልት ያህል ነው። ከእግር በታች የሚቀመጥ ፔዳል ግን ከጊታር የሚመጣውን ትንሽ ምልክት እንዲቀበል የተሠራ ስለሆነ በዚህ ይጨነቃል፥ እሱም በተራው ይሻክራል። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ +4 እና -10 የሚል መቀያየሪያ ካለ -10 ላይ ማድረግ ነው፤ እሱ 0.32 ቮልት ገደማ ነው። መቀያየሪያ ከሌለና የሴንድ መጠን ቁልፍ ካለ እሱን ዝቅ ማድረግ ይበጃል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ የዋናው ድምፅ ጉልበት መለወጥ የለበትም።

ሉፑ ሚክስ የሚል ቁልፍ ካለው፥ ዋናው ድምፅ በፔዳሉ ሳያልፍ በራሱ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ፔዳሉ ማሚቶውን ብቻ እንዲያወጣ ይደረጋል።

አሁን ወደምንወደው ነገር እንምጣ። ከውጭ የሚመጡት የጊታር ትምህርቶች በደቂቃ 120 ምት ለሚሄድ ዘፈን ዲሌዩን 375 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጉ ይላሉ። ይህ ምቱ በአራት ለሚከፈል ዘፈን የተሰላ ነው። የእኛ ችክችካ ግን እያንዳንዱን ምት በሦስት ይከፍላል። አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ከሆነ ሲሦው 167፥ ሁለት ሲሦው 333 ነው። በ375 ላይ የተወው ማሚቶ ከከበሮው ጋር ሲጣላ ያድራል፤ በ333 ላይ ሲሆን ግን ከበሮው በተወው ክፍተት ገብቶ ሁለተኛ ጊታር የተጨመረ ያስመስላል። እኛ ይህን ስናገኝ ሌሊቱ እኩል ሆኖ ነበር፥ ዘበኛውም ሁለት ጊዜ መጥቶብናል።

የኋላ በር የሌለው ማጉያ ያላቸው አይዘኑ። ሻካራው ድምፅ ከፔዳል የሚመጣ ከሆነ ዲሌዩን ከዚያ ፔዳል በኋላ መሰካት ይበቃል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት የፌንደርና የማርሻል ማጉያዎችም ይህ በር አልነበራቸውም። ዛሬም ቢሆን ማጉያው እጅግ ከፍ ተደርጎ ኋለኛው ክፍል ራሱ ሲሻክር ሉፕ አይረዳም፤ ሉፑ ያለው ከእሱ በፊት ነውና።

ፔዳሉ አልተሸጠም። ሐሙስ ማታ በልምምድ ክፍሉ ስለምንሰበሰብ፥ መሞከር የሚፈልግ ሁለት አጫጭር ገመዶች ይዞ ይምጣ፤ ከእኛ አንደኛው ተበጥሷል።