እድራቸውን የከፈሉ፣ ከደጅ የጠፉ



በዚህ ጥናት የምንመለከተው ራሳቸውን ችለው ብቻቸውን ስለሚኖሩ አረጋውያን ነው። ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ፣ ወደ ወንጂና ወደ መቂ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የምንዘዋወረው የተረጂዎች ዝርዝር ይዘን ነው። በዝርዝሩ ላይ የሚበላ ያጣው አለ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነው አለ። መሬታቸውን በእኩል እያሳረሱ የዓመት ቀለባቸውን የሚያገኙ፣ ወጣቸውንም ራሳቸው የሚሠሩ እናት ግን በሴፍቲኔትም ሆነ በእኛ ዝርዝር አይገኙም። «እሳቸው ምን ጎደላቸው!» ይባላል።

ወለንጪቲ አጠገብ ያገኘናቸው አንዲት እናት የእድር መዋጮአቸውን በየወሩ በጎረቤት ልጅ እጅ ይልካሉ። በመዝገቡ ላይ ውዝፍ የለባቸውም። ከፋሲካ ወዲህ ግን ከግቢያቸው አልወጡም ነበር፤ የእድሩ ዳኛ ይህን ያወቁት እኛ ስንጠይቃቸው ነው። እድር የተቋቋመው ለቀብር ነውና አንወቅሰው ይሆናል። ነገር ግን ድንኳኑ የሚተከልበት ቀን ለጉብኝት የዘገየ ቀን ነው።

ከቤት መቅረትን እርጅና ብቻ ነው ብለን አንለፈው። በስምጥ ሸለቆ የሚወጣው የጉድጓድ ውኃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች በየካምፑ ለብዙ ዓመታት የጠጡት የጉድጓድ ውኃ ከዚህ ወሰን ብዙ እጥፍ ነበረው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ስለዚሁ ውኃና በሽታ ጥናት አውጥተዋል። በልጅነት ጥርስን ያበልዛል፤ ለብዙ ዘመን በጠጣው ሰው ላይ ግን አጥንትን ያደድራል፣ ወገብ አልታጠፍ፣ አንገት አልዞር ይላል። አንገቱ የማይዞር ሰው ከኋላው የሚመጣውን ጋሪና ባጃጅ ለማየት መላ ሰውነቱን ማዞር አለበት። ስለዚህ መንገድ ይፈራል። አገዳ ሲቆርጥ የኖረ ብርቱ ሰው ይህን ፍርሃት ለልጆቹ እንኳ አይናገርም፤ «ዛሬ ፀሐዩ በርትቷል» ይላል፤ ነገም እንዲሁ። (ውኃን ማፍላት ፍሎራይዱን እንደማያስወግድ በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን።) የዓይን ሞራም ሌላው ምክንያት ነው፤ እርሱ እንኳ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል።

ከዚያ በኋላ ቡናው ይቀራል። ቡና የሚያፈላ ሰው ጎረቤት ይጠራል፤ ማፍላት ያቆመ ግን ጠሪም ተጠሪም አይሆንም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ተዘንግተው ነበር፤ ለዚህም ሰባት ሰዎች ተመረጡ። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ግን ሌላ መንገድ እናያለን። ኤልያስ ወደ ሰራፕታዋ መበለት ሲሄድ በመጀመሪያ ውኃና እንጀራ የለመናት እርሱ ነው። ራሳቸውን ለቻሉ አረጋውያን ይህ የሚሻል ይመስለናል። ስኳርና ሳሙና ይዛችሁ ብትገቡ ከለማኝ እንደተቆጠሩ ያህል ያፍራሉ። ይልቅስ የሚጠየቅ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የበርበሬ ድለዛ፣ የዘር አመራረጥ፣ የድሮው ድርቅ እንዴት እንደታለፈ። የሰፈሩ ጸሎት በየተራ በቤታቸው ይሁን። የሌላ እምነት ተከታይ ከሆኑ ለቡናው ብቻ ሂዱ፣ ስብከት አትጨምሩበት። በኦሮምኛ የሚናገሩትን በኦሮምኛ ጠይቋቸው፤ በአማርኛ «ደህና ነኝ» ብለው የዘጉትን በር በቋንቋቸው ሲከፍቱ አይተናል።

ለመጀመር፣ የእድራችሁን ጸሐፊ መዋጮአቸውን በሰው እጅ የሚልኩት እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። በመጀመሪያው ወር ከሁለት ቤት አትለፉ፤ የተጀመረ ጉብኝት ሲቋረጥ ካልተጀመረው ይልቅ ያሳዝናል። የምትሄዱትም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበርድ ይሁን፤ ያን ጊዜ እስከ ጎረቤት ደጅ አብረዋችሁ ሊወጡ ይችላሉ።